ለንስሐ አባቴ የላክሁት ድምፅ

«እኔ ምን የሚደበቅ ነገር አለኝ?» የሚል ሰው ስሰማ ደሜ ይፈላል። ከሥራ፣ ከዘንዘልማ በሚመልሰን ሚኒባስ ውስጥ ይህችን ቃል የማይላት የለም። «ይስሙት! ፈረንጅ የኔን ወሬ ሰምቶ ምን ሊጠቀም? ድሀ ምን ምስጢር አለው?» ይላል አንዱ፤ ተሳፋሪው ይስቃል። እኔ አልስቅም። ሀብታም ምስጢሩ ቢወጣበት አገር ይቀይራል። ድሀ እዚያው ቤቱ፣ እዚያው ጎረቤቱ ፊት ነው የሚኖር።

የጎልማሶች ትምህርት መምህራችንም «የይለፍ ቃላችሁን ጠብቁ፤ ሌባ ይገባባችኋል» ይለናል። እውነቱን ነው። የኔን ምስጢር ግን ሌባ አልወሰደውም። በገዛ አውራ ጣቴ ነው የላክሁት።

ግንበኛ ነኝ። ያን ጊዜ ሃምሳ ዓመት አልፎኝ አንዲት ፊደል አላውቅም ነበር። ስልኩን የገዛሁት ለሥራ ነው፤ ድምፅ ይልኩልኛል፣ ድምፅ እልካለሁ። ለማያነብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ «እባክህ አንብብልኝ» እያሉ የሰው ደጅ መጥናት ቀረልኝ። ማን ማን እንደሆነ የምለየው በሥዕሉ ነበር። ቀዩ ገልባጭ መኪና አሠሪዬ ነው። ነጠላ ያጣፋችው የሚስቴ እህት ናት። ሰይፍ የመዘዘው ቅዱስ ሚካኤል የንስሐ አባቴ ናቸው።

ሚስቴ ግማሽ አካሏ ከከዳት ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ልጅ አልሰጠንም። ኩሩ ሴት ናት፤ ሻሿን ሳታስር ለእንግዳ በር አታስከፍትም። ሰው ሲጠይቃት «እግሬን ነው» ትላለች፤ እኔም «እግሯን ነው» እላለሁ። ሽንቷን መቋጠር እንዳቃታት የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ። ጠዋት ጠዋት አጥባታለሁ፣ የቆሰለ ጀርባዋን እቀባለሁ፣ አንሶላውን ከጓሮ፣ ከቆርቆሮው ኋላ አሰጣለሁ። እንግዳ ሲመጣ ቀና አድርጌ አስደግፋታለሁ። «ደህና ነሽ እኮ!» ብለዋት ይሄዳሉ።

እኔ ግን ደከመኝ። የሰው ልጅ ነኝ፤ ደከመኝ። ልቤ ውስጥ መጥፎ ጸሎት ገባ።

ንስሐ አባቴ የሚያገለግሉት ከጣና ደሴቶች በአንዱ ነው። በጀልባ ሄዶ መመለስ ቀኑን ይፈጃል፤ እሷን ለማን ጥዬ? አንድ እሑድ ደወልሁላቸው።

«አባቴ፣ ልቤ ከብዶኛል።»

«ልጄ፣ ንስሐ በስልክ አይሆንም። ፊት ለፊት ነው።»

«መምጣት አልቻልሁም አባቴ። እርስዎም ያውቁታል።»

«እንግዲያው ጭንቀትህን በድምፅ ላክልኝ። አሁን ለአገልግሎት ልገባ ነው፤ ስወጣ እሰማዋለሁ። ንስሐው ስትመጣ ይሆናል።»

እሷ እንዳትሰማ ብዬ ከቤት ወጣሁ። እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ሄድሁ። ሰው በሌለበት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ቅዱስ ሚካኤልን ነካሁና ተናገርሁ። አንሶላ በለወጥሁ ቁጥር «ጌታዬ፣ ውሰዳት» እያልሁ እንደምጸልይ ነገርኋቸው። በዚያ አላበቃሁም። ስለ ሽንቷ፣ ስለ ቁስሏ፣ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ምን ሆና እንዳገኘኋት፣ ሽታው በሳሙና ከእጄ አልለቅ እንዳለኝ ሁሉንም ዘረገፍሁት። ጣቴን ሳነሣ ሸክም ያወረድሁ መሰለኝ።

የጽዋ ማኅበራችን በስልክ ግሩፕ አለው፤ አርባ ሰዎች ነን። ሥዕሉ መሶብ ነበር። በዚያ ሳምንት የሚካኤል በዓል ስለነበር አንዱ መሶቡን አንሥቶ ቅዱስ ሚካኤልን አደረገበት። «ሥዕሉን ቀይረናል» ብለውም ጽፈው ነበር አሉ። ለኔ መጻፍ!

ገና ከድንጋዩ ሳልነሣ የማኅበሩ ሰብሳቢ ደወለ።

«ጋሼ፣ ምን አደረግህ? አጥፋው! አሁኑኑ አጥፋው!»

«ምኑን?»

«ድምፁን! ማኅበሩ ላይ ነው የላክኸው!»

«እንዴት ነው የሚጠፋ?»

«ጣትህን አቆይበት፤ ከዚያ ቅርጫቷን ንካ።»

ነካሁ። ድምፁ ከስልኬ ላይ ድራሹ ጠፋ። «እፎይ፣ አንድ ሁለት ሰው ቢሰማ ነው» አልሁና ወደ ቤቴ አዘገምሁ። መንገድ ላይ ስልኬ ጮኸች። የማኅበራችን ቀልደኛ ነው፤ ድምፅ ልኮልኛል።

«ጋሼ፣ እኛ እኮ ሥልጣነ ክህነት የለንም! ብንሰማህም አንፈታህም!» ሳቁ መንገዱን ሞላው። ቀጥሎ ሌላው፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ፣ ከብዶሃል» አለኝ። የሱ ከሳቁ ባሰኝ። እኔ ያጠፋሁትን እነሱ ከየት እየሰሙ ነው?

ቤቴ ስደርስ የራሴ ድምፅ ከውስጥ ተቀበለኝ። የሚስቴ እህት የማኅበሩ አባል ናት፤ ስልኳን ትራሱ ላይ አስቀምጣ ታሰማታለች። «ጌታዬ፣ ውሰዳት» እላለሁ እኔ፣ እኔ በር ላይ ቆሜ።

«ሰማኸው የራስህን?» አለችኝ እህቷ። «ሦስት ዓመት ጻድቅ መስለኸን! በይ ተነሺ እታለም፣ እኔ ቤት ነው የምትሄጂ። ከዚህ ሰው ጋር አንድ ቀን አታድሪም!»

ልትወስዳት ነው። ሚስቴ ደህናውን እጇን አነሣች።

«ተይው። ውጪልን።»

እህቷ እያጉረመረመች ወጣች። ሚስቴ በሽታው ባሰረው አንደበቷ፣ አንድ አንድ ቃል እያወጣች ተናገረች።

«ሞቴን ብትለምን አልፈርድብህም። እኔም እለምናለሁ። ገላዬን ግን ምን አደረግኸው?»

«የላክሁት ለአባታችን ነበር። ተሳስቼ ነው።»

«ለሳቸውስ ቢሆን! ኃጢአትህን ተናገር። የኔ ሽንት ያንተ ኃጢአት ነው?»

ምስጢሬን የምልክ መስሎኝ የሷን ነው የላክሁት።

ማታ ንስሐ አባቴ ደወሉ። «ልጄ፣ ድምፅህ አልደረሰኝም» አሉ።

በሳምንቱ የማኅበሩ ሴቶች መጡ። ክፋት የለባቸውም። ሳሙና፣ ሁለት አንሶላና የአዋቂ ዳይፐር ይዘው መጥተው ቤቱ መካከል፣ ሁሉም ፊት ዘረገፉት። «እኛ እያለን ለምን ደበቅሽን?» አሏት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ እስኪሄዱም አልመለሰችውም።

ድምፁን አጥፉልኝ ብዬ በየቤቱ ዞርሁ። «ኧረ ያኔውኑ አጥፍቼዋለሁ» ይለኛል አንዱ። ሌላው «የቱን ድምፅ?» ይላል፣ ዓይኑን እየሰበረ። ምኑን አምናለሁ? አርባ ስልክ ነው። ወደ ሌላ ያሻገረውንማ ማን ይቆጥረዋል?

ትምህርት የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። መምህሩ አንድ ቀን «በዚህ ዕድሜህ ምን አነሣሣህ? ንገራቸውና ይበረታቱ» አለኝ። «ስም ለማንበብ ነው» ብዬ ተቀመጥሁ። አጨበጨቡ! ማንበብ ስጀምር ያቺን ማጥፊያ ከፍቼ አየኋት። ከሥሯ ትንሽ ሣጥን አለች፤ «ለሁሉም አጥፋ» ትላለች። እሷን መንካት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። ሁለት ቃል ባለማወቄ ነው።

ሚስቴ ወደ እህቷ ቤት አልሄደችም። እዚሁ ናት። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን ከገላዋ ከልክላለች። እህቷ ጠዋት እየመጣች ታጥባታለች፤ እኔ ደጅ እቆማለሁ። የምታዝዘኝ ውኃ ማሞቅ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት እህቷ እግሯን አሟት በሰዓቷ ሳትመጣ ቀረች። ውኃ አሞቅሁ፣ ሳፋውን ይዤ ገባሁ። አንሶላው ርሷል፤ ከበሩ ይታወቃል።

«ዛሬን እንኳ እኔ ልጠብሽ» አልኋት።

«አስቀምጠው» አለች። «እስክትመጣ እቆያለሁ።»

«አሟታል እኮ። ላትመጣ ትችላለች።»

«እቆያለሁ አልሁህ።»

ሳፋውን አስቀምጬ ወጣሁ። እህቷ እያነከሰች ስትደርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ውኃው ቀዝቅዞ ነበር፤ እንደገና አሞቅሁት።