የተስፋጽዮን ከንቲባ

ባሌን ተስፋጽዮንን የማያውቅ ሐበሻ በሰፈራችን በብራያርክሊፍ አካባቢ የለም። በገዛ ቫኑ በሽተኛ ሆስፒታል ያመላልሳል፤ ጂፒኤስ ከፍቶ አያውቅም። «አትላንታን እንደ መዳፌ ነው የማውቃት» ይላል። ደግ ነው፤ ሰው ሲቸገር አይቶ አያልፍም። አፉ ነው እንጂ! አፉ ከቫኑ ይቀድማል።

የከንቲባ ምርጫ ሲደርስ ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ሬስቶራንት ውስጥ ሰላም አለውና፣ በቃ፣ የኔ ሰውዬ ወዳጅ ሆነ። ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ድረስ ይዞት መጣ። ሰውዬው ጎመኑን እያደነቀ በላ። ተስፋጽዮን ብድግ ብሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ «የዚህ ሕዝብ ድምፅ የእርስዎ ነው፤ ቃሌ ነው!» አለው። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ኮርቼበት ነበር።

ከሁሉ የተደሰቱት ጎረቤታችን እማማ አበዛሽ ናቸው። ዜግነት ያገኙት በቅርቡ ነው፤ በሕይወታቸው መርጠው አያውቁም። «ልጄ፣ ትወስደኛለህ አይደል?» አሉት።

«እርስዎን ያልወሰድኩ ማንን ልወስድ!» አላቸው።

የምርጫው ዕለት ሥራውን ትቶ የሰፈራችንን ሰው ቫኑ ላይ ጫነና መሀል ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ወሰደን። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ከሰልፉ ፊት ቆሙ። መዝጋቢዋ መታወቂያቸውን አየች፣ ኮምፒውተሯን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። ከተማው ውስጥ አይኖሩም አለች።

ተስፋጽዮን ሳቀ። «አድሬሱን አንብቢው እንጂ፣ አትላንታ ይላል!»

«ፖስታችሁ አትላንታ ይላል። ሰፈራችሁ ግን ከከተማው ክልል ውጭ ነው፤ የአትላንታን ከንቲባ መምረጥ አትችሉም» አለችው ረጋ ብላ። የኔን አየች፣ የሁላችንንም አየች። አንድ እንኳ አልተረፈም።

ወይ ጉድ! ስንት ዓመት ሙሉ አትላንታ ነን ስንል፣ ለካ አትላንታ አይደለንም። ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ካልሆነ ቮት አድርጎ የማያውቅ ሰው ከየት ይወቀው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ። ከኋላችን የተሰለፈው ሁሉ ያየናል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! እማማ ክንዴን ይዘው «ያጠፋሁት ነገር አለ እንዴ?» ሲሉኝ አንጀቴን በሉት።

የባሰው ደግሞ ውጭ ነበር። ተወዳዳሪው ከግቢው ማዶ፣ ቫናችን ፓርክ የተደረገበት አጠገብ ቆሞ ሰው ያመሰግናል። እኛን ሲያይ ፊቱ በራ፤ የእያንዳንዳችንን እጅ እየጨበጠ «ሳንክዩ፣ ሳንክዩ» አለ። የኔ ጀግና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ኖ ፕሮብለም!»

እኔ አፈርኩለት። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ቫኑ ውስጥ ስንገባ እማማ «ሰውዬው ምን አለን?» አሉ። ተስፋጽዮን ኪሱ ውስጥ ቁልፉን ይፈልጋል። «ተስፋጽዮን፣ አንተን እኮ ነው።»

«ስለመረጣችሁኝ አመሰግናለሁ ነው ያለው፣ እማማ።»

«አልመረጥነውም እኮ። ሂድና ንገረው።»

«አሁን እንዴት ብዬ ነው የምነግረው? ይተዉት ባክዎ…»

«ላልሰጠሁት ተመስግኜ ቤቴ አልገባም።»

ወረደ። በመስኮት አየሁት። ያ አፈኛ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ ሲናገር፣ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ይሰማዋል። ሲመለስ ግንባሩ በላብ ርሷል።

«ሰውዬው ተቆጣ እንዴ?» አሉት እማማ።

«አልተቆጣም። ታዲያ የእናንተ ከንቲባ ማነው ብሎ ጠየቀኝ።»

«ማን አልከው?»

ተስፋጽዮን ሞተሩን አስነሳ። «አላውቅም አልኩት» አለ።

እኔም አላውቅም። ከኋላ ከተቀመጡትም የሚያውቅ ያለ አልመሰለኝም፤ ብራያርክሊፍ እስክንደርስ አንድም ሰው ቀና አላለም።