የአባባ መኪናና የባሕሩ እርጥበት

ዛሬ ከሥራ ስመለስ የአባባ መኪና የምታድርበት የማኽሳኑ፣ የዕቃ ቤቱ ማለቴ ነው፣ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እርጥበት የሚመጥጠው ማሽንም ከሶኬቱ ተነቅሏል።

መኪናዋ አባባ እዚህ አገር መጥተው መጀመሪያ የገዟት ናት። ዛሬ አሮጌ መኪና የሚሰበስቡ ሰዎች ቢለምኗቸውም አይሸጧትም።

የምንኖረው አፍሪዳር በሚባል ሰፈር፣ ከባሕሩ አጠገብ ነው። ላኹቱ፣ እርጥበቱ ማለቴ ነው፣ ብረት ይበላል። ክረምቱን ሙሉ የሻገቱ ወንበሮቿን ስፈገፍግ ከረምኩ። የበሩን ስንጥቅ በላስቲክ ደፈንኩ፤ የማሽኑን ውሃ በየቀኑ እደፋለሁ። (የራሴን ፊት እንዲህ ብንከባከብ ሃያ ዓመት እመስል ነበር።)

አባባ መሪውን ይዘው ተቀምጠዋል። የመኪናዋ መስታወት አልቦታል።

«አባባ፣ ለምን ከፈቱት? ትዝጋለች እኮ!»

«ታፍናለች ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ነፋሱ ከባሕር ነው የሚመጣው። እርጥበቱን የሚያመጣው እሱ ነው።»

 መሪውን እንደያዙ፣ «ታዲያ በሩን ስትዘጊው እኔ የት ልዋል? እናትሽ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ መዋል አልቻልኩም። እዚህ ስቀመጥ ግን አጠገቤ ያለች ይመስለኛል» አሉኝ።

ለካ እኔ ሥራ በወጣሁ ቁጥር ይከፍቱት ኖሯል። ያ ሁሉ ልፋቴ!

መቆጣት አቃተኝ። በእማማ ወንበር ላይ መቀመጥ ከበደኝና ከኋላ ገብቼ፣ እስኪመሽ አብረን ተቀመጥን።

ከነገ ጀምሮ ቀን በሩ ይከፈታል፤ ማታ ማሽኑ ይሠራል። ብትዝግም ትዝግ።

የእናንተ ወላጆችስ አንለቅም ያሉት ነገር አለ? እንዴት ቻላችሁት? ጻፉልኝ፤ ዛሬ በጣም ደክሞኛል።