ሳሩን ይዤ እስክመለስ

ያን ቀን ግቢያችን ውስጥ አባቴ ነበር፣ እናቴ ነበረች፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም ዳና ነበር፣ ከጎረቤት የተጠሩት ሽማግሌ አባባ ኦላ ነበሩ። እኔም ነበርኩ፤ ዋናው ነገር ሲሆን ግን አልነበርኩም።

ይህን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ልጄ ቤት ደጃፍ ላይ የሸተተኝ የታጨደ ሳር ነው። አጫጁ እርጥቡን ክምር አጠገቤ ሲጥለው መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ልጄ ደም ግፊት መስሏት ውኃ ይዛ ሮጠች።

በጃንሆይ ጊዜ ቤታችን ቀራንዮ ነበር፤ ያኔ ከቤቱ ሜዳው ይበዛል። አባቴና ዳና ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ነበሩ፤ በአንዲት ክፍል ሁለት ጉድጓድ ቆፍረው፣ እግራቸውን ወደ ውስጥ ሰድደው ጎን ለጎን ይሸምናሉ። የሁለቱ መወርወሪያ ድምፅ ሲቀባበል እንቅልፍ ይወስደኛል፤ አንዱ ሲቆም እነቃለሁ። እኔ ክር በቀሰም አጠነጥናለሁ፤ ጥንቃቄ ስለማበዛ ዳና ይስቅብኝ ነበር። «አንቺ ምስር ለቅመሽ እስክትጨርሺ ጾሙ ይፈታል» ይለኛል።

በአገራችን በጋሞ ሰው ሲጣላ ሽማግሌ እርጥብ ሳር በእጁ ይዞ መሐል ይንበረከካል። ሳሩን አልፎ የሚራመድ የለም፤ የቱንም ያህል ቢቆጣ ቆሞ ይሰማል። አዲስ አበባ ከመጣንም በኋላ ይኸ አልቀረም። አባባ ኦላ ስንቱን ባልና ሚስት በአንድ ጭብጥ ሳር አስታርቀዋል፤ እናቴ፣ የሳቸው ሱሪ ጉልበቱ ላይ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው እያለች ትቀልድ ነበር፤ በሌሉበት ነው እንጂ።

ጠቡ የመጣው በጥለት ነው። ዳና ለአንዲት ሙሽራ ነጠላ ሳምንት ሙሉ የለፋበትን ጥለት አባቴ ወደ ግራ አዘንብሏል ብሎ፣ ሳይነግረው ፈታው። ዳና ሲመለስ ክሩ መሬት ላይ ተከምሮ አገኘው። ልብሱን መቋጠር ጀመረ። እናቴ አባባ ኦላን ጠራች፤ እሳቸውም በሩ ላይ ቆመው፣ «ሩጪ ልጄ፣ ያገኘሽውን እርጥብ ሳር አምጪ» አሉኝ።

የካቲት ነበር። የደጃችንን ሳር ፍየል ግጦታል፤ የተረፈው ደርቋል። ወንዝ ድረስ ወረድኩ። እዚያ ዳር ዳሩን ለምለም ነበር፤ እኔ ግን የዕርቅ ሳር ንጹሕ መሆን አለበት ብዬ፣ ጫፉ ቢጫ የሆነውን ስጥል፣ ጭቃ የነካውን ሳጥብ፣ ቁመቱን ሳስተካክል ቆየሁ። እንደ ምስር ለቀምኩት።

ስመለስ አባቴ ከጉድጓዱ አልወጣም፤ እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛለች፤ አባባ ኦላ በሩ ላይ እንደተንበረከኩ፣ መዳፋቸው እንደተዘረጋ ነው። የሆነውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ዳና ቋጠሮውን ይዞ በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። የሽማግሌውን እጅ አየ፤ እኔ የሄድኩበትን መንገድ አየ፤ ትንሽ ቆየ። ከዚያ «አባባ፣ እጅዎ ባዶ ነው፤ ያሳልፉኝ» አለና በጎናቸው ወጣ።

እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ያ ትንሽ መቆየቱ ነው።

ማንም አልተቆጣኝም። አባባ ኦላ ሳሩን ተቀብለው የዳና ጉድጓድ አፍ ላይ አኖሩት፤ እዚያው ደረቀ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን በአንድ መወርወሪያ ድምፅ ኖረ። በዓመቱ አባቴ ለእናቴ ነጠላ ሠራላት፤ ጥለቱ ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር።

ዛሬ ያ ሜዳ በቤት ተሞልቷል፤ ወንዙም እጅ የሚነከርበት አይደለም። ልጆቼ ሲኳረፉ ስልክ ይዘጋጋሉ፤ መሐላቸው ልንበርከክ ብል እንኳ በየትኛው በር ላይ? እኔ ግን እስከ ዛሬ ስላክ እሮጣለሁ፤ ሽንኩርት ግዢ ብባል እንኳ።

ዳና ግራኝ ነው፤ ሲሸምን ያፏጫል። ካለ ዛሬ ሽማግሌ ሆኗል። የት እንዳለ፣ ወይም የት እንደተቀበረ የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።