ቀይዋ ካሜራና የሐያት ሒና

ካርቱም፣ ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት ነው። አንድ ጁምዓ ከሰዓት፣ ጀሪፍ ሰፈር፣ መጋረጃው ጥርቅም ተደርጎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አዲሷን ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ... ኩራቴ ሌላ ነው!

የሐያት የሒና ቀን ነው፣ ሠርጓ ደርሷል። ሐያት እንደኔው የወሎ ልጅ ናት፣ ሁለታችንም ሰው ቤት ነው የምንሠራው። ጁምዓ ጁምዓ የምናርፍበትን ያንን ክፍል ዘጠኝ ሴቶች ሆነን ተከራይተነዋል።

ሒና ላይ ወንድ አይገባም። ሴቶቹ ሁሉ ፀጉራቸውን ገልጠው ነው የሚጨፍሩት፣ ስለዚህ ፎቶ የምታነሳውም ሴት መሆን አለባት። እኔ ደግሞ በስልኬ ሳነሳ «ጎበዝ ነሽ» ሲሉኝ ጊዜ ልቤ አበጠና ካሜራ ገዛሁ።

ያን ቀን ግን ጭንቅ ነበረብን። የሐያት እናት ልጃቸውን ካዩ ስድስት ዓመታቸው። ያሉበት ገጠር ኔትወርኩ ለቪዲዮ አይሆንም። «ዓይኗን ብቻ በደንብ አሳዩኝ፣ ደስ ብሏት እንደሆነ አይቼ አውቃለሁ» ብለዋል።

ሐያት ደግሞ ሰው ቤት እንደምትሠራ ለእናቷ ነግራ አታውቅም። ስትመጣ «ሰው ቤት ገብተሽ ልትታዘዢ ነው?» ብለው አልቅሰው ስለነበር፣ ያንን ለቅሶ ሁለተኛ መስማት አልፈለገችም። እንደሷ አባባል የልብስ ሱቅ ሻጭ ናት።

«እንደ ሱቅ ሠራተኛ አድርገሽ አንሺኝ» አለችኝ።

«ኧረ እንደ ሚኒስትር ነው የማነሳሽ!»

ገና ልጀምር ስል ከህረባው ሄደ። መብራት ጠፋ ማለት ነው፣ የለመድነው ነገር ነው። ያላ፣ ፍላሽ አለኝ ብዬ ብልጭ ሳደርግ ሐያት ዓይኗን ጨፈነች። ደገምኩ... ጨፈነች። «ወላሂ ወድጄ አይደለም!» ትላለች። ስንቱን አነሳሁ፣ ሁሉም ላይ ሙሽራዋ ተኝታለች። ፍላሹን አጥፍቼ ሳነሳ ደግሞ ፊቷ አሸዋ የተበተነበት መሰለ።

ያኔ ካሜራዋን የሸጡልኝ ሰውዬ ትዝ አሉኝ።

ካሜራዋን የገዛሁት ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ያገለገለ ካሜራ ከሚሸጡ ሽማግሌ ነው። ሁለት አቀረቡልኝ። አንዷ ቀይ፣ ቀለል ያለች፣ ሃያ ሜጋፒክሰል ተብሎ የተጻፈባት። ሌላው ጥቁር፣ ከባድ፣ ጥግ ጥጉ የተላጠ፣ አሥራ ሁለት ሜጋፒክሰል።

«ያ ዐሚ፣ አጎቴ፣ ሃያ ከአሥራ ሁለት አይበልጥም እንዴ?» አልኳቸው።

የጥቁሩን ሌንስ ፈቱና ውስጡን አሳዩኝ። ቴምብር የምታክል የምታብረቀርቅ ነገር አለች። ሴንሰር ትባላለች፣ ብርሃኑን የምትቀበለው እሷ ናት። «የቀይዋ ሴንሰር የትንሿን ጣትሽን ጥፍር እንኳ አታክልም» አሉኝ። ቀጥለው «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ስንት ሆናችሁ ነው የምታድሩት?» አሉኝ።

«ዘጠኝ... በአንድ ክፍል።»

«ታዲያ ሰው ስለበዛ እንቅልፉ ጣማችሁ?»

ገባኝ፣ ጠባብ ሴንሰር ላይ የታጨቀ ሜጋፒክሰልም ብርሃን በደንብ አይደርሰውም ማለታቸው ነው። ገብቶኝም ቀይዋን ገዛሁ። ቀይ እወዳለሁ፣ ምን ላድርግ!

ከሒናው በኋላ እሑድ አሠሪዬን፣ መዳሜን፣ ፈቃድ ለምኜ ባሕሪ ሄድኩ። ሰውዬው ገና በሩ ላይ ሲያዩኝ ሳቁ። ቀይዋን ተቀብለው፣ ትንሽ አስጨምረው ጥቁሩን ሰጡኝ። የሒና ደጉ ነገር ቶሎ አለመልቀቁ ነው። በሚቀጥለው ጁምዓ ሐያትን ከአዲሱ ቤቷ አስመጥቼ፣ የሙሽራ ልብሷን አስለብሼ እዚያው ክፍል አስቀመጥኳት።

ከህረባ ዛሬም የለም። መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ አደረግኩ። ሒናው ይታይ ብዬ እጇን ጉንጯ ላይ አስደረግኳት... ይህቺ የራሴ ፈጠራ ናት። ያለ ፍላሽ አነሳሁ።

ወይ ጉድ! ዓይኗ ቁልጭ ብሎ፣ ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። «ይቺ እኔ ነኝ?» ብላ አቀፈችኝ። ወዲያው ከተማ ላለው ወንድሟ ላክንለት፣ እሱም ስልኩን ይዞ እናቱ ጋ ሄደ።

በሳምንቱ አንድ ላይ ቁጭ ብለን እናቷ ደወሉ። ሐያት ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ማሻአላህ፣ ዓይንሽ ደህና ነው» አሉ። ሐያት በደስታ ጭኔን መታችኝ።

ቀጥለው «ልጄ፣ አውራ ጣትሽ ሥር ያለው የካውያ ጠባሳ ነው?»

ሐያት ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ወንድምሽ እያሰፋ አሳየኝ። ጣቶችሽ ጫፋቸው ተሰነጣጥቋል። ልብስ ስትሸጪ በረኪና ምን አገናኘሽ? ይሄ የሱቅ እጅ አይደለም።»

አላህ ያሳያችሁ፣ እኔ እኮ ያን እጅ አስተካክዬ ያስቀመጥኩት ነኝ! ጠባሳውን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። የዘጠኛችንም እጅ ያው ስለሆነ ለእኛ አይታየንም።

ሐያት እጇን ሻርፗ ውስጥ ከተተችው፣ እናቷ በስልኩ የሚያዩዋት ይመስል። እንባዋ ወረደ። «እማዬ... እንዳታለቅሺብኝ ብዬ ነው» አለች።

«አብሽሪ፣ አላለቅስም» አሉ፣ እያለቀሱ። «እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ 'ልጄን በደንብ የያዘልኝ' እያልኩ ለዚያ ሱቅ ባለቤት ዱዓ ሳደርግ ኖርኩ! ለካ ዱዓው የሚገባው ለዚህ እጅ ነበር።»

ሳቅና ለቅሶ ተቀላቀለብን። ስልኩ ሲዘጋ ሐያት ዓይኗን ጠርጋ «ያቺን ቀይ ካሜራ ምን አስመለሰሽ?» አለችኝ።

አሁንም ካሜራ ልግዛ ብሎ ለሚያማክረኝ «ሴንሰሩን እይ» ነው የምለው... ፎቶው ለእናት የሚላክ ከሆነ ግን መጀመሪያ እጅህን እይ።