ምራቲቱን የተጫወትኩበት ቀን

ባለፈው ወር ሚኤሶ ውስጥ ሠርግ ተጠርቼ፣ ከምሳ በኋላ የእጅ ማስታጠቢያው ሳፋ እኔ ዘንድ ሲደርስ አፍንጫዬን በነጠላዬ ጫፍ ያዝኩ። ሌላው ሰው ምንም አልሸተተውም። የረጋ የፍየል ስብ፣ የሳሙና አረፋና ሰው የተጉመጠመጠበት ውሃ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚያወጡት ሽታ አለ፤ ሞቅ ያለ፣ ጣፈጥ የሚል፣ ጉሮሮ ላይ የሚለጠፍ። እጄን ሳልታጠብ ተነስቼ ወጣሁ። አብራኝ የነበረችው የሥራ ባልደረባዬ "አርግዘሽ እንዳይሆን!" ብላ ሳቀችብኝ። በዚህ ዕድሜዬ! ለሷ ያልነገርኳትን ላንቺ ልንገርሽ።

ያደግኩባትን ጭሮን ያኔ ብዙ ሰው አሰበ ተፈሪ ነበር የሚላት። እናቴ ከመናኸሪያው ጀርባ አራት ክፍል አልጋ ታከራይ ነበር። ቴሌቪዥን ስለነበረን እሁድ ከሰዓት የሰፈሩ ሰው፣ መንገድ ላይ ያሉ ሾፌሮች፣ ከመቻራ ቡና ጭነው የመጡ ነጋዴዎች ሳሎናችን ውስጥ ተጠቅጥቀው ያንን የገጠር ኮሜዲ ያዩ ነበር። ወንዶችም ነበሩበት፤ ግን ስለነሱ ማንም አያወራም። የሚወራው ስለ ሦስቱ ሴቶች ነበር፤ ስለ አማቲቱ፣ ስለ ምራቲቱና ስለ ወሬኛዋ ጎረቤት። አማቲቱ በር ሥር ተለጥፋ የምራቷን ጉድ ታዳምጣለች። ምራቲቱ ሳታያት የዕቃ እጣቢ በበሩ ትደፋለች። አማቲቱ ከራሷ እስከ እግሯ ርሳ፣ ዓይኗን ወደ ሰማይ ሰቅላ "ዝናብ ነው እንዴ ምራቴ?" ትላለች። በየሳምንቱ ያው ነው። በየሳምንቱም በሳቅ እንሞት ነበር። አማርኛ እምብዛም የማይሰሙ የገበያ ሴቶች እንኳ ያቺን አንዲት ነገር ያውቋት ነበር።

እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ምራቲቱን እወድ ነበር፤ አረማመዷን፣ ሳፋውን ወገቧ ላይ አሳርፋ ዞር የምትልበትን። በትምህርት ቤት የድራማ ክበብ እሷን እያስመሰልኩ ስም አውጥቻለሁ። ክበቡን የሚመራው፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣው አስተማሪያችን "ያንቺ ቦታ እዚህ አይደለም" እያለ ልቤን ያሳብጠው ነበር።

አንድ ቀን ሦስቱም ጭሮ መጡ። አንድ የከተማው የጫት ነጋዴ በአዳራሹ እንዲጫወቱ ጋብዟቸው ነው፤ ያረፉትም እኛ ቤት። አማቲቱ አሮጊት አልነበረችም፤ ሻሿን ስትፈታ ፀጉሯ ጥቁርና ብዙ ነበር። ምራቲቱ ደግሞ እኔን የምታክል ሴት ልጅ ነበረቻት። ጎረቤቲቱ ጨጓራ ስላለባት ብዙም አትበላም፣ ብዙም አታወራም። ከናቴ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጠው ኦቾሎኒ ሲፈለፍሉ፣ አማቲቱ እናቴን "እርስዎ" ስትላት፣ እናቴ "አቦ እህቴ፣ አንቺ በይኝ" ስትላት ትዝ ይለኛል።

የአዳራሹ ጨዋታ ሊጀመር ሲል ምራቲቱ እናቴ ዘንድ መጥታ "ትንሽ ውሃ ሞቅ ያድርጉልኝ፤ አማቴን ብርድ ይነካታል" አለቻት። መድረክ ላይ የተደፋው ያ ነበር፤ ንጹሕ፣ ለብ ያለ ውሃ። እኔ ራሴ ነኝ ተሸክሜ የሄድኩት።

በማግስቱ ነጋዴው ቤቱ ምሳ ጠራቸው። የከተማውን መንገድ የማሳያቸው እኔ ስለነበርኩ አብሬ ሄድኩ። ሰፊ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ መከዳ ተደግፈው የተቀመጡ አሥራ አምስት የሚሆኑ ወንዶች አሉ፤ ነጋዴዎች፣ የመንግሥት ሠራተኞች፣ አስተማሪያችንም ጭምር። ሩዝ በፍየል ሥጋ ተበላ። ከዚያ ሳፋው ዞረ። ከጠዋት ጀምረው ሲቅሙ የነበሩት እጃቸውን ብቻ አልታጠቡበትም፤ እየተጉመጠመጡ አረንጓዴ ውሃ ተፉበት። ሳፋው ሞላ። ሩዝ ተንሳፍፎበታል፤ ስቡ ዳር ዳሩን መርጋት ጀምሯል።

ነጋዴው ሆዱን እያሻሸ "አሁን ያቺን ነገር እዚህ አሳዩን። ትናንት ከኋላ የተቀመጠው በደንብ አላየም" አለና በአገጩ ሳፋውን አመለከተ።

ምራቲቱ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባት ፊቷ ተለወጠ። "ይሄ የሰው እጣቢ ነው። አልደፋባትም።"

"ድሮስ ሥራችሁ ይኸው አይደለም እንዴ?" አለ አንዱ ባለሥልጣን።

"ተነሱ እንሂድ" አለች ጎረቤቲቱ።

"አቦ አታካብዱ! ጨዋታ ነው" አለ ነጋዴው እየሳቀ።

ያኔ ነው አስተማሪዬ "የኛ ልጅ ትችለዋለች። እንዲያውም ከሷ ትበልጣለች" ያለው። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ነጋዴው በእጁ እየጠራ፣ ኦሮምኛውን ቀላቅሎ "ኮቱ፣ ነይ ኢንታላ፣ ነይ አንቺ ልጅ!" አለኝ።

ማንም አላስገደደኝም። ይህን ደብቄ ብነግርሽ ኖሮ ታሪኩ ለኔ ይቀለኝ ነበር። ተነሳሁ፤ ሳፋውን አነሳሁ፤ ወገቤ ላይ አሳረፍኩት። ከበደኝ። አማቲቱ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። ከንፈሯ ብዙም ሳይንቀሳቀስ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ "ተይ ልጄ" አለችኝ። ሰምቻታለሁ። ልክ እንደ ምራቲቱ ፊቴን ወደ ሌላ አዞርኩና ደፋሁባት።

የሚሰማው ከቀሚሷ ወደ ምንጣፉ የሚንጠባጠበው ብቻ ነበር። ሩዝ ቅንድቧ ላይ ተጣብቋል፤ የታኘከ ጫት ከጆሮዋ ላይ ተንጠልጥሏል። ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቀለችና "ዝናብ ነው እንዴ ምራቴ?" አለች። አንዲት ፊደል ሳታጓድል፣ ያው በቴሌቪዥን በምናውቀው ድምፅ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ እየሳቀ አክታውን ዋጠ። አስተማሪዬ ቆሞ አጨበጨበልኝ። እኔም ሳቅሁ። ሽታው የመጣብኝ ከሳቄ በኋላ ነው፤ ከሷ ላይ ተነስቶ፣ ከራሴ እጅ ላይ ተነስቶ። ዙሪያዬን ሳይ የማየው አፍ ብቻ ነበር፤ የተከፈተ፣ አረንጓዴ፣ ስብ የቀባው አፍ።

ወደ ቤት በእግራችን ተመለስን። ሁለቱ ሴቶች አማቲቱን መሃል አድርገው ይሄዳሉ፤ እኔ ከኋላ። መንገደኛው አወቃቸው። "ዝናብ ነው እንዴ!" እያለ የሚጮኸው በዛ። ነፋሱ ከፊት ስለሚመጣ ሽታዋ እስከ ቤት ድረስ አልለቀቀኝም።

እናቴ በር ላይ አገኘችን። "ያ ረቢ! ምን ሆነሽ ነው?"

"አንሸራትቶኝ ሳፋ ላይ ወድቄ ነው" አለች አማቲቱ።

እናቴ ቀረብ ብላ አሸተተቻት። አልጋ የምታከራይ ሴት ናት፤ የሰው ቆሻሻ ታውቃለች። "ይሄ መውደቅ አይደለም። ይህን የደፋብሽ እጁ ይቆረጥ!"

"ኧረ አይርገሙ" አለች አማቲቱ ፈጥና። "የሰው ልጅ ነው።" ምራቲቱ አፏን ልትከፍት ስትል ክንዷን ያዘቻት። ምራቲቱ እኔን አየችኝ። ያ አስተያየቷ እስካሁን አለ።

እናቴ ወደኔ ዞራ "ምን ቆመሽ ታያለሽ? ውሃ አሙቂና ፀጉሯን እጠቢላት!" አለችኝ።

ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ አስቀምጬ አጠብኳት። ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ ስቡ ከፀጉሯ አልለቅ አለ። በጣቶቼ መሃል ሩዝ ይፈርጣል። እሷ አንገቷን ደፍታ እስክጨርስ ትጠብቃለች። በመጨረሻ "ጆሮዬን ደህና አድርጊው" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "አያያዝሽ ልክ ነበር። ፊትሽን ያዞርሽበት ሰዓትም ልክ ነበር" አለች። ሽሙጥ አልነበረውም። ለሙያ ባልደረባ የሚነገር ዓይነት ነገር ነበር። ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር።

በማግስቱ በደሳ ከተማ የነበራቸውን ጨዋታ ትተው በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዱ። ወደ ድራማ ክበቡ አልተመለስኩም። አስተማሪው ለምን እንደቀረሁ ሲጠይቀኝ ጥርሱን አየሁና መንገዴን ቀጠልኩ። ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ። አሁን ደግሞ የዚያ ኮሜዲ ቁራጭ በስልክ እየዞረ፣ ባልደረቦቼ በእረፍት ሰዓት ተሰብስበው ሲያዩት እንደኛ ጊዜ ይስቃሉ። እኔ ክፍል አለኝ ብዬ እወጣለሁ።

እናቴ ግን ያን ቀን የወደደችው በሌላ በኩል ነው። ለእንግዳ ሁሉ ታወራው ነበር። "ያቺ አማቲቱ እኛ ቤት አርፋ፣ አንዱ ርጉም ቆሻሻ ደፍቶባት፣ ይህች ልጄ ናት በእጇ ፀጉሯን ያጠበችላት" ትላለች። ከዓመት ዓመት በተናገረችው ቁጥር እኔ ደግ እየሆንኩ ሄድኩ። በመጨረሻ ስትታመም ሊጠይቋት የመጡ ሴቶች አልጋዋን ከበው ተቀምጠው ሳለ፣ በዚያ በደከመ ድምፅዋ እንደገና ጀመረችው። ስትጨርስ እጄን ይዛ "ጀዛሽን፣ የሥራሽን ዋጋ፣ አላህ ይክፈልሽ" አለችኝ። ሴቶቹም "አሚን" አሉ።

"እማ" አልኳት ጎንበስ ብዬ።

"ወዬ?"

ዓይኖቿ ደስ ብሏቸው ነበር።

"ምንም" አልኩና ትራሷን አስተካከልኩላት።