የአያ ሙጬ ሸክላ

ነገሩ የሆነበትን ዓመተ ምሕረት ቁርጥ አድርጌ አላውቀውም። ጣሊያን ከወጣ ወዲህ፣ ጢሜ ማቀምቀም በጀመረበት ጊዜ ነው፤ ወሩ ሚያዝያ መሆኑን ግን ፀሐዩ ይመሰክርብኛል። ዛሬ ጧት ምራቴ ቤት ስትጠርግ፣ ከግድግዳዬ ላይ የተንጋደደ ጥቁር የዘፈን ሸክላ አውርዳ «አባባ፣ ይኼን ልጣለው?» አለችኝ።

በዚያ ጊዜ አዘዞ ላይ ልብስ ሰፊ ነበርሁ። ከፊደል አልዘለልሁም፤ ጆሮዬ ግን ዘፈን ይወድ ነበርና፣ ከጣሊያን የተረፈ በእጅ የሚጠመዘዝ ግራሞፎን በሁለት ኮት ስፌት ለወጥሁ። ከዚያ በኋላማ ከአስመራ የሚመጣ ነጋዴ ሸክላ ይዞ ከታየ ሱሪ ሳልሰፋለት አልለቀውም፤ እንዲህ እያልሁ ስድስት አጠራቀምሁና እያንዳንዱን በትርፍራፊ ጨርቅ ከረጢት ሰፍቼለት እንደ አራስ ልጅ አስተኛዋለሁ።

ከሁሉ የምሳሳለት ግን ለሰባተኛው፣ ለአያ ሙጬ ሸክላ ነበር። አያ ሙጬ የደምቢያ አዝማሪ ነው፤ አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ወርዶ ድምፁን ሸክላ ላይ አስቀርቶ መጣ፤ ማጫወቻ የለውምና የደረሰችውን አንዷን ለእኔ ሰጠኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚስቱ ከእታለም ዝማም ጋር ሱቄ ጎራ ይልና፣ ማሲንቆውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ራሱን ያዳምጣል።

«እኔ ጠላ ካልቀመስሁ ድምፄ አይወጣ፤ ይኼ ሰውዬ ደረቁን እንዲህ መዝፈኑ ምነው?»

«እሱ ካንተ ይሻላል፤ ሲበቃው ዝም ይላል» ትለዋለች እታለም ዝማም።

በዚያ ሚያዝያ ምች መታው አሉ፤ ሞተ። በሠልስቱ ከኮላ ድባ ወዲያ ሜዳ ላይ ተለቀሰ። እንደ አገሩ ወግ ልብሱና ማሲንቆው ወጥቶ ሙሾ ሲወርድ፣ እኔም ከልብሱ ድምፁ ይበልጣል ብዬ ግራሞፎኑን በአህያ ጭኜ ሄጄ ነበርና ከፈትሁት። ሰዉ ቀጥ አለ። እታለም ዝማም ደረቷን መምታት ትታ፣ ወደ ግራሞፎኑ ጎንበስ ብላ «አቤት» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ወንድሜ፣ ድገምልኝ» አለች።

ደገምሁላት። ለሦስተኛ ላዞረው ስል የሩቅ ለቀስተኛ እየጮኸ መጣና ሁላችንም ልንቀበል ተነሣን፤ እንባዬ ጋርዶኝ ይሆን እንጃ፣ ያን ሁሉ ስጠነቀቅለት የኖርሁትን ሸክላ ያለ ከረጢቱ ድንጋይ ላይ ለፀሐይ ጥዬው ሄድሁ። ስመለስ እንደ ጎመን ቅጠል ጠውልጓል። እሷ ቆማ ትጠብቃለች። ባስቀምጠው መርፌው ተንሸራተተ፤ አያ ሙጬ አንድ ጊዜ አቃሰተና ዝም አለ።

ሌላ ቅጂ ፍለጋ ሸክላ ነጋዴዎቹ ካሉበት አስመራ ድረስ ሄድሁ፤ የለም። ስድስቱን መስማት አስጠላኝ፤ የስፌት ማኪናዬም አቧራ ለበሰ። አንድ ቅዳሜ እታለም ዝማም ጥቁሯን እንደለበሰች መጣች፤ ልትረግመኝ ነው ብዬ አቀረቀርሁ።

«ምነው ወንድሜ? እሱ እዚህ ሲስቅ ነው የኖረ፤ ቤቱን ታጨልምበታለህ?» ብላ እሱ ይቀመጥበት ከነበረው ዱካ ላይ ተቀመጠችና፣ ያን ዘፈን ቀስ አድርጋ በራሷ አፍ አወረደችልኝ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜን አላስታጎለችም፤ እኔም ማኪናዬን እየረገጥሁ አዳምጣታለሁ።

አሁን እሷም የለች። ከዜማው የቀረኝ መነሻው ብቻ ነው፤ እሱንም ሳንጎራጉር መካከሉ ላይ ይጠፋኛል። ምራቴን «መልሰሽ ስቀይው» አልኋት። ከዚያ ኀዘን ያወጣችኝ፣ ባሏን ሁለተኛ የቀበርሁባት ሴት ናት፤ እታለም ዝማም።