«ዊቨር» የተባለው አባቴ

ባለፈው ሳምንት ነገሌ መናኸሪያ አጠገብ፣ አንድ ፀጉር ቤት በር ላይ «ዊቭ እንሠራለን» የሚል ማስታወቂያ አየሁ። በሴት ራስ ላይ የሚሰፋውን የተገዛ ፀጉር ነው እንዲህ የሚሉት። ሌላው አንብቦ ያልፋል፤ እኔን ግን ቃሉ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። አባቴ ከጋሞ ደጋ ወርዶ ነገሌ የሰፈረ ሸማኔ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ከግራሩ ሥር በቆፈረው ጉድጓድ እግሩን ከትቶ ሲሸምን ይውላል፤ እኛም በዚያ አደግን። ለትዳር የጠየቀኝ ደሳለኝ አሬሮ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና ቀይ አቧራ ለብሶ ይመጣና ሻይ በግመል ወተት እየጠጣን እናወራለን። እወደው ነበር።

የበልጉ ዝናብ እንዳባራ ሽማግሌ ላከ። እናቴ ጥብሱን ገና ቸስ ቸስ እያለ አቀረበች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የደሳለኝ አጎት፣ የሞያሌ ነጋዴ ነበሩ። «አካም፣ ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ደህንነታችንን ጠይቀው ተቀመጡ፤ ጥቂት ከጎረሱም በኋላ ወደ አባቴ ዞሩ።

«ልጃችን እንደነገረን አንቱ ዊቨር ነዎት። የየትኛው መሥሪያ ቤት ሹመት ነው?»

አባቴ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። ቃሉን ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ተምሬዋለሁ። «ዊቭ» መሸመን ነው፤ ወሬ አቀነባብሮ ማውራትንም፣ በመኪና መሐል እየተጥመለመሉ ማለፍንም ይሉበታል። «ዊቨር» ደግሞ ሠሪው ነው።

«ሸማኔ ማለት ነው» አልኩ።

አጎትየው የጠቀለሉትን ጉርሻ ትሪው ዳር መልሰው አኖሩ። ከዚያ በኋላ አንዳቸውም አልበሉም።

በማግስቱ ደሳለኝ መጣ።

«ምን አጠፋሁ? አልዋሸሁም እኮ። እንዳይንቁሽ ብዬ ነው።»

እጄን ያዘኝ። አስለቅቄ፣ ቆሻሻ እንደነካው ሁሉ በቀሚሴ ጠረግኩት።

«ሂድ፤ ዳግመኛም አትምጣ» አልኩት።

አባቴ ከጉድጓዱ ሆኖ ይሰማን ነበር። ልጁ ከወጣ በኋላ፣ «እውነቱን እኮ ነው፤ አልዋሸም» አለኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። ፊቱን ግን ቀና አላደረገም።

አባቴ ካረፈ ቆየ። ሌላ ሰው አግብቼ ወልጄ ከብጃለሁ። እህቴ ዛሬም «ለአንዲት ቃል ብለሽ» ትለኛለች። ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር ይመስለኛል፤ ፈርቶ የሚዋሽ ሰው ያሳዝናል። እሱ ግን አባቴን የደበቀው በአባቴ በራሱ ሙያ ስም ነው።